የተማሪዎች የውድድር መኪና ሻንሲ ጥምዘዛ፦ ኮምፒውተሩ 2450 ሲል መለኪያው ለምን 1230 አለ?

ሻንሲ ጅማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ባለ አንድ መቀመጫ፣ ጣሪያ የሌለው አነስተኛ የውድድር መኪና እየሠራን ነው። ንድፉን ያወጣነው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚወዳደሩበት በፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ ደንብ መሠረት ነው። ሻንሲው ከ25.4 ሚሊ ሜትር ክብ የብረት ቱቦ የተበየደ ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ ነጂውን የሚጠብቁት ሁለቱ የመከላከያ ቀስቶች (ዋናው ከነጂው ጀርባ፣ ፊተኛው ከፊቱ) 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖራቸው አብዛኛው ሌላው ቱቦ 1.6 ነው።

ሞተሩን ከመጫናችን በፊት የሻንሲውን የጥምዘዛ ግትርነት ለማወቅ ፈለግን፤ አንድ ዲግሪ ለመጠምዘዝ ስንት ኒውተን ሜትር ይፈጃል የሚለውን ማለቴ ነው። የለካነው እንዲህ ነው። ሾኮቹን ከነሞላቸው አውጥተን በቦታቸው ወፍራም ብረት አስገባን። የኋላውን ሁለት የጎማ መያዣ ከአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት) በሠራነው ማቆሚያ ላይ በቡሎን አሰርን። የፊቶቹን ሁለት መያዣዎች በአንድ አግዳሚ ላይ አሳረፍን፤ አግዳሚው መሐሉ ላይ በክብ ብረት ተደግፎ በነፃነት ይዘነበላል። ከመሐሉ አንድ ሜትር ርቀት ላይ የአሸዋ ከረጢት ሰቀልን። ከረጢቶቹን ያስመዘንነው በቡና ነጋዴ ሚዛን ስለሆነ እያንዳንዳቸው ልክ አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ግራም ናቸው። ሦስት ፈረሱላ በአንድ ሜትር ክንድ 500 ኒውተን ሜትር ይሰጣል።

በፊት በኩል 1.2 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያነብ ባለ መርፌ መለኪያ) አቆምን። ግራው 4.4 ሚሊ ሜትር ወረደ፣ ቀኙ 4.1 ወጣ። ድምሩ 8.5 ለ1200 ሲካፈል 0.406 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ግትርነቱ 1230 ኒውተን ሜትር በዲግሪ ገደማ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን የሻንሲውን የኋላ ጫፍ አስረን ከፊት ግራና ቀኝ ተቃራኒ ኃይል ስንሰጠው 2450 አገኘን። ልዩነቱ እጥፍ ነው። የትኛውን እንመን?

በያጅ ከአጂፕ

እህቴ፣ እጅግ ደስ ይላል። በከተማችን እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ማየት የምመኘው ነገር ነው።

እኔ ሙያዬ ብየዳ ስለሆነ ከብየዳው ልጀምር። ብዙ ሰው ቁጥር ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በያጁን ነው። ብየዳው በቱቦው ዙሪያ ሙሉ ከሆነና ካልተሰነጠቀ ግን ግትርነትን በግማሽ አይቀንስም። መጥፎ ብየዳ የሚጎዳው ጥንካሬን ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይበጠሳል። እስኪበጠስ ድረስ ግን ብረቱ የሚለጠጠው ያው ነው። ስለዚህ ሻንሲውን ቆርጣችሁ እንደገና ለመበየድ አትቸኩሉ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ማቆሚያው ከወለሉ ጋር በምን ታስሯል? ወለሉስ ኮንክሪት ነው ወይስ አፈር? አሁን ክረምት ነው፤ የጅማ አፈር ሲርስ ከባድ ነገር አይሸከምም።

ሻንሲ ጅማ

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ማቆሚያው ግን በላዩ የተቀመጠ እንጂ የታሰረ አይደለም። እንዳይነሳ ክብደት ጭነንበታል።

መዋቅር

ልጄ፣ የትኛውን እንመን ብለሻል። ከዚያ በፊት ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑን መጠየቅ ይገባል። ኮምፒውተሩ ላይ የሻንሲውን ጫፍ ፈጽሞ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር አጣብቃችኋል። ወርክሾፑ ውስጥ ግን የጎማ መያዣው፣ የሰስፔንሽኑ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ክንዶች፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ማቆሚያው፣ ወለሉ ሁሉ በመሐል አሉ። ያው ጠምዛዥ ኃይል በሁሉም ውስጥ ያልፋል፣ የእያንዳንዱም መዞር ይደመራል። እንዲህ በተከታታይ ሲያያዙ የሚደመረው ግትርነታቸው ሳይሆን የግትርነታቸው ግልባጭ ነው። በእናንተ ቁጥር አስሉት። አንድ ለ1230 ተካፍሎ ከሚገኘው ላይ አንድ ለ2450 ተካፍሎ የሚገኘውን ብትቀንሱ፣ የቀሪው ግልባጭ 2470 ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ ትክክል ከሆነ፣ ከሻንሲው ውጪ ያለው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ የሻንሲውን ያህል ይዞራል ማለት ነው። ይህ ብዙ ነው፤ ከላይ የተጠየቀውን የማቆሚያ ነገር ሳስብ ግን ከፊሉ ከዚያ መምጣቱን አልጠራጠርም።

ማቆሚያውን ግትር ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ለኩት። በኋላ የጎማ መያዣዎች ላይም ሁለት ጌጅ አቁሙ። የኋላው መዞር ከፊተኛው ሲቀነስ የሚቀረው ነው የመኪናው ድርሻ። የግራው ንባብ 4.4፣ የቀኙ 4.1 መሆኑ አያስጨንቃችሁ፤ መሐለኛው ድጋፍ በ0.15 ሚሊ ሜትር ወረደ ማለት ብቻ ነው፣ ሁለቱን ስለደመራችሁ መዞሩን አያዛባም። በአንድ ጌጅ ብቻ ለክታችሁ ቢሆን ኖሮ ግን ያዛባ ነበር።

አደጋፉም ይታሰብበት። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ባይስተካከልም አይወዛወዝም፣ አንዱ እግር ከሌላው ጋር አይታገልም። የእናንተም ድጋፍ ከኋላ ሁለት፣ ከፊት መሐል ላይ አንድ፣ ሦስት ነጥብ ነው፤ ይህን በደንብ አስባችሁበታል። ነገር ግን ከኋላ ሁለቱንም መያዣዎች በቡሎን ጥርቅም አድርጋችሁ ካሰራችሁ ማቆሚያው ራሱ ሻንሲውን እንዳይጠመዘዝ ያግዘዋል። አንደኛውን በኳስ መገጣጠሚያ ያዙት፤ ሌላኛው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ ተይዞ ወደ ጎን ግን ይንሸራተት።

ስለ አጫጫኑ ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ፈረሱላ ለመቁጠሪያ አትጠቀሙበት። እሱ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያለውን ልል ሁሉ ያጠብቅላችሁ። ጌጁን ከዚያ በኋላ ዜሮ አድርጉ፤ አንድ በአንድ ጨምሩ፣ አንድ በአንድም ቀንሱ፣ በየደረጃው መዝግቡ። ስትጭኑና ስታወርዱ ንባቡ በአንድ መስመር ካልሄደ የሆነ ቦታ የሚንሸራተት ነገር አለ። ግትርነቱ የመስመሩ ተዳፋት እንጂ የአንዲት ነጥብ ንባብ አይደለም። ከረጢቱ በተሰቀለበት በኩል አግዳሚው ሥር የእንጨት ግንድ አስቀምጡ፤ እግር ደግሞ ከዚያ ሥር ከቶ አይግባ።

የመንገድ ሰው

የጭነት መኪና መካኒክ ነኝ፤ ልከራከራችሁ። እኛ የምንጠግነው የአይሱዙ ሻንሲ በጣም ይጠመዘዛል፣ ሆን ተብሎም ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ባይለጠጥ ኖሮ ሌላው ጎማ ከመሬት ይነሳ ነበር፣ ብረቱም በየመጋጠሚያው ይሰነጠቅ ነበር። ታዲያ ለውድድር መኪና ግትርነት ይህን ያህል ለምን ያስጨንቃል? የማይሰበር ከሆነ አይበቃም?

መዋቅር

ወዳጄ፣ ስለ ጭነት መኪናው ያልከው ትክክል ነው፤ ለዚያም ነው የጎንዮሽ ብረቶቹ አንድ ጎናቸው ክፍት ሆኖ የሚሠሩት። የጭነት መኪና ሰስፔንሽን ጠንካራ ነው፣ መንገዱ ይጎረብጣል፣ ሻንሲው ራሱ የሰስፔንሽኑን ሥራ ይካፈላል። የውድድር መኪና የሚሄደው በለስላሳ አስፋልት ላይ ነው፤ ተወዳዳሪው የሚፈልገው ደግሞ ኩርባ ላይ መኪናው እንዲታዘዝለት ነው።

ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማዎች ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ፊተኛው፣ ምን ያህሉ ወደ ኋለኛው ውጪኛ ጎማ ይሂድ የሚለውን የሚወስኑት ሞላዎቹና ማረጋጊያ ዘንጉ ናቸው። መኪናው ከፊት ሲንሸራተት ወይም ከኋላ ሲወጣ መካኒኩ የሚነካካው እነዚህን ነው። ሻንሲው ልል ከሆነ ከኋላ የለወጥከው ነገር ፊት ሳይደርስ በመሐል ብረት መጠምዘዝ ሆኖ ይቀራል። ያኔ መኪናውን ማስተካከል አይቻልም፤ ተማሪዎቹም የሙከራ ጊዜያቸውን ሁሉ ያባክናሉ። በንድፍ ልማድ ሻንሲው ከሰስፔንሽኑ አጠቃላይ የማዘንበል ግትርነት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። ሞላዎቹ ለምሳሌ 400 ኒውተን ሜትር በዲግሪ ከሰጡ 1230 ሦስት እጥፍ ብቻ ነው፤ ጠርዝ ላይ ነው።

ሜሽ

እኔ አዲስ አበባ በሲሙሌሽን ሥራ ላይ ነኝ። መዋቅር ስለ አደጋፉ ያሉትን ወደ ኮምፒውተሩ ላምጣው። ሻንሲ ጅማ፣ የኋላውን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ስታስሪው እዚያ ያሉት ቱቦዎች ሁሉ ከጨዋታ ወጡ። ወደፊት ሲሙሌሽኑን የምታስሪውና የምትጭኚው ወርክሾፕ ውስጥ በያዛችሁበት መንገድ ይሁን። የሰስፔንሽን ክንዶቹን፣ የጎማ መያዣዎቹንና በሾኩ ቦታ ያስገባችሁትን ብረት አብረሽ ሳይው። ከኋላ ድጋፉ በጎማ መያዣው መሐል ይሁን፤ አንዱ በሦስቱም አቅጣጫ ይያዝ፣ ሌላው ወደ ጎን ይለቀቅ፤ ማዞር ለሁለቱም ነፃ ነው። ከፊት ደግሞ እንደ አግዳሚያችሁ መሐሉ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይሄድ ይያዝ፤ ግራና ቀኝ እኩልና ተቃራኒ ቁመታዊ ኃይል ይሰጥ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ኤለመንት (ኮምፒውተሩ ሻንሲውን ከፋፍሎ የሚያሰላበት ትንሽ ክፍል) ተጠቅመሻል? ቱቦውን በጠጣር ኤለመንት ሠርተሽው ከሆነ፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ግድግዳ ሜሹ፣ ማለትም የኤለመንቶቹ መረብ፣ በጣም ደቃቅ መሆን አለበት። ሰፋፊ ባለ አራት ገጽ ኤለመንቶች ከእውነተኛው በላይ ግትር ሆነው ይታያሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሻንሲ የቢም ኤለመንት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ቱቦ መስመር ነው፣ ዲያሜትሩንና ውፍረቱን ትሰጪዋለሽ። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንኳ በሴኮንዶች ያልቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃድ የሚገዙበት ገንዘብ ከሌላችሁ ፍሪካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ካልኩሊክስ የተባለ ማስሊያ በነፃ ይሠራዋል። ጫፋቸው እንደ ማጠፊያ የሚዞር ቀላል ዘንጎችን ግን አትጠቀሚ፤ የተበየደ መጋጠሚያ ማጠፍንም ያስተላልፋል፣ በተለይ የነጂው ክፍል አካባቢ ኃይሉ የሚያልፈው በዚያ ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ ተመልከቺ። የክንዶቹ ቅንፎች የተበየዱት በትክክል ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው ወይስ ከነጥቡ ወጣ ብለው? ንድፉ ላይ ነጥቡ ላይ ሆነው ወርክሾፕ ውስጥ ቢወጡ ኃይሉ ቱቦውን በመሐሉ ያጥፈዋል፤ ቀጭን ቱቦ ደግሞ ለመታጠፍ እጅግ ቀላል ነው።

የሄርማታ ልጅ

ስለ መለኪያው አንድ ሐሳብ አለኝ። ሻንሲው ላይ በየቦታው ዳያል ጌጅ ለማቆም ብዙ ጌጅ ያስፈልጋል። ትንሽ ሌዘር በማግኔት ቱቦው ላይ ለጥፋችሁ ብርሃኑን ከመኪናው ርዝመት ጋር በ90 ዲግሪ ወደ ጎን፣ በመኪናው ጎን ወዳለው ግድግዳ አነጣጥሩት። 10 ሜትር ርቀት ላይ 0.4 ዲግሪ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በማስመሪያ ይነበባል። የስልኩን የማዘንበል መለኪያ አትመኑት፤ ለዚህ ሥራ ረቂቅ አይደለም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ። ቱቦው ተራ ብረት መሆኑ አይደለም ወይ ችግሩ? ክሮም ሞሊብዲነም ብረት ቢሆን ቁጥሩ ከፍ አይልም?

በያጅ ከአጂፕ

አይልም ወንድሜ። ክሮም ሞሊብዲነሙ ከመበጠሱ በፊት ብዙ ይሸከማል፤ በመጀመሪያው ጭነት የሚለጠጠው ግን እንደ ተራው ብረት ነው። የሁለቱም የመለጠጥ ሞዱለስ፣ ማለትም ብረቱ መለጠጥን የሚቋቋምበት ልክ፣ 200 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ገንዘባቸውን ለዚያ ቢያወጡ አንድ ዲግሪ ለመጠምዘዝ የሚፈጀው ያው ይሆናል። ግትርነት የሚገኘው ከቱቦው ስፋት፣ ከውፍረቱ፣ ከሁሉም በላይ ከአቀማመጡ ነው።

ሻንሲ ጅማ

የተባልነውን አደረግን፤ ጋሼ መዋቅርን፣ ሜሽንና ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

መጀመሪያ የኋላው። በ500 ኒውተን ሜትር የኋላ መያዣዎቹ 0.9 እና 0.8 ሚሊ ሜትር ተንቀሳቅሰዋል፤ መራራቃቸው 1.2 ሜትር ስለሆነ 0.081 ዲግሪ ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ የማቆሚያው ነው። ከ0.406 ሲቀነስ 0.325 ይቀራል፤ ግትርነቱም ወደ 1540 ወጣ።

ቀጥሎ ሌዘሩ። መዞሩ በዋናው ቀስት 0.12፣ በፊተኛው ቀስት 0.29፣ በፊት የጎማ መያዣ 0.406 ነው። ከኋላ ጎማ እስከ ዋናው ቀስት ያለው ድርሻ 0.04 እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ቀስቶች መካከል፣ ነጂው በሚቀመጥበት ክፍል፣ 0.17 አለ፤ ከጠቅላላው ጥምዘዛ ግማሽ በላይ ማለት ነው። ቀሪው ከፊተኛው ቀስት እስከ ፊት ጎማ ነው።

ሲሙሌሽኑንም ሜሽ እንዳለው በቢም ኤለመንት፣ ከነክንዶቹና ከነጎማ መያዣዎቹ እንደገና ሠራነው። የላይኛው የፊት ክንድ ቅንፍ ከመጋጠሚያው ወጥቶ ቱቦው መሐል ላይ ስለሆነ ሞዴሉም እንደዚያው ተሳለ። ቀድሞ 2450 ያለው ሲሙሌሽን አሁን 1720 ሰጠ።

መዋቅር

እሰይ! አሁን የሚነጻጸሩ ቁጥሮች አገኛችሁ። ከተረፈው ቁራጭ ቱቦ አንዱን በካሊፐር ለኩ። በገበያ 1.6 ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ሁልጊዜ 1.6 አይደለም።

ስለ ነጂው ክፍል ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው። አንድን ቀጭን ቱቦ ከዳር እስከ ዳር በርዝመቱ ብትሰነጥቂው ብረቱ ያው፣ ክብደቱም ያው ሆኖ ጥምዘዛን የሚቋቋምበት አቅም ይወድቃል። ለ25.4 በ1.6 ቱቦ ሒሳቡ ሲሠራ ከ160 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ጥምዘዛን የሚሸከመው በዙሪያው ሳይቋረጥ የሚዞር ግድግዳ ነውና። ሻንሲያችሁም እንዲሁ ነው፤ ከፊትና ከኋላ በሰያፍ ቱቦዎች ዙሪያውን ተዘግቷል፣ መሐሉ ላይ ነጂው ስለሚገባበት ከላይ ተከፍቷል። እዚያ ጥምዘዛው የሚተላለፈው ሁለቱ ጎኖች አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እየታጠፉ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከላይ መዝጋት ካልቻላችሁ ጎኖቹን ጥልቅና ሙሉ በሙሉ በሦስት ማዕዘን የተከፋፈሉ አድርጉ፤ ሁለቱ ቀስቶች የቆሙባቸውን ገጾችም ቅርጻቸው ወደ ጎን እንዳይዛባ አጠንክሩ። ወለሉን በሰያፍ ወይም በተበየደ ላሜራ መዝጋት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሜሽ

የት ቱቦ እንደሚጨመር በግምት አትወስኑ። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ የተከማቸውን የመለጠጥ ጉልበት ያወጣላችኋል። ለክብደቱ ብዙ ጉልበት ያከማቸውን ቱቦ ማወፈር ወይም ማገዝ ይክሳል፤ ምንም የማያከማቸውን ደንቡ ከፈቀደ ማቅለል ይቻላል። 25.4 በ1.6 ቱቦ በሜትር 0.94 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እያንዳንዱን ጭማሪ በዚህ ሚዛን መዝኑት።

ሻንሲ ጅማ

ቁራጩን ለካነው፤ ውፍረቱ 1.5 ነው። የብረቱ የመስቀለኛ ስፋት በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ወደ ሞዴሉ ስናስገባው 1620 ሆነ። ከተለካው 1540 ጋር ልዩነቱ 5 በመቶ ነው፤ ይህን ከክንዶቹ መገጣጠሚያ ልል እንደሚመጣ እንገምታለን።

ከመለጠጥ ጉልበቱ ሥዕል ላይ ጎልቶ የታየው ቅንፉ የተበየደበት የፊት ቱቦ ነው። እሱን ወደ መጋጠሚያው ማዛወር ምንም ክብደት አይጨምርም፤ ከዚያ እንጀምራለን። ቀጥሎ የፊተኛው ቀስት ገጽ።

በያጅ ከአጂፕ

ቅንፉን ስታዛውሩ አሮጌውን ብየዳ በግራይንደር ስታነሱ ቱቦውን አታሳሱት። አዲሱን በነጥብ ብየዳ ከያዛችሁ በኋላ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ በይዱ፤ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ሙቀቱ ሻንሲውን ያጣምመዋል፣ የጎማውም አቀማመጥ ይዛባል። ከብየዳው በፊትና በኋላ ሰያፍ ለሰያፍ ለኩ። ቀኑን ከነገራችሁኝ መጥቼ አብሬያችሁ እሠራለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም።

ሻንሲ ጅማ

ወንድሜ፣ ቃል አጣሁ። በግል መልእክት ቀኑን እነግርሃለሁ። ማቆሚያውንም በዚያው ከወለሉ ጋር በቡሎን እናስረዋለን፤ ከዚያ ሲጫንም ሲወርድም ያለውን ሙሉ ንባብ እዚሁ አስቀምጣለሁ።

መዋቅር

የኋላውን ጌጅ የምታቆሙበትን ዘንግ ከማቆሚያው ጋር እንዳታያይዙት። ለብቻው ከወለሉ ላይ ይቁም፤ አለዚያ ማቆሚያው ሲዞር ጌጁም አብሮት ስለሚሄድ ዜሮ ያነብባል።